የጋሽ አንጁሎ ቤዝ

የጋሽ አንጁሎን መሞት ያረዳችኝ መኪናው ናት። ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆመች።

ዕቃ ላመጣ መርካቶ ከርሜ መመለሴ ነበር፤ ካርቶኖቹን እንኳ ገና አልፈታሁም። ያቺን ፔጆ 404 ከሩቅ ሳያት፣ እንደ ልማዴ አንድ ሻይ ይጨመር ብዬ ወደ ጎረቤቴ ወደ እትዬ አስካለ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከመሪው ኋላ የወረደው ግን የማላውቀው ጎረምሳ ነው። ዞሮ የኋላ ኮፈኑን ከፈተና፣

«ባለሱቅ፣ ይሄን የስፒከር ሳጥን የገጠምከው አንተ ነህ አሉኝ» አለኝ። «ንቀልልኝ እስቲ፤ ሙዝ ልጫንበት።»

«ባለቤቱ የት ሄዶ ነው አንተ የምታስነቅለው?»

«ባለቤቱማ እኔ ነኝ። ከእድሩ ገዝቻት ነው።» ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁን ቀነስ አደረገ። «አልሰማህም እንዴ? ሽማግሌው እኮ አረፉ። አርባቸው ሊደርስ ነው።»

እትዬ አስካለ ከሻይ ቤቷ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

«ልነግርህ ነበር» አለች። «ጠዋት ካርቶን እያወረድክ ስትስቅ አየሁህና፣ ሻዩን ይጠጣ፣ እህል ይቅመስ ብዬ አቆየሁህ።»

እኔ ነጋዴ ነኝ። ሰው ሞተ ሲሉኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ከእኔ ምን እንደገዛ ነው፤ ሐዘኑ ከኋላ ይደርሳል። ጋሽ አንጁሎ ከእኔ የገዛው እዚህ ሳጥን ውስጥ ያለውን ስፒከር ነው። ስፒከሩም የፈለገውን ነገር አንድም ቀን አላሰማውም።

ባጃጅ የሚባለው ነገር ከመምጣቱ በፊት፣ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ወደ ላይኛው ወደ ሴቻ የሚያወጣህ ወይ እግርህ፣ ወይ ሚኒባስ፣ ወይ ጋሽ አንጁሎ ነበር። መኪናዋ ነጭ ናት ይላል እሱ። እኛ የደረስንባት ጊዜ የአባያን ሐይቅ ድፍርስ ውሃ ቀለም ይዛለች። የኋላ በሮቿ ከውስጥ አይከፈቱም፤ ስለዚህ ሲደርስ ራሱ ወርዶ፣ ዞሮ፣ ከውጭ ይከፍታል። ከየአገሩ ለትምህርት የሚመጡት አዲስ ተማሪዎች ለክብራቸው የተደረገ እየመሰላቸው ደረታቸውን ነፍተው ይወርዱ ነበር። «ቶሎ በል እንጂ ጋሼ!» የሚል ተሳፋሪ ከገጠመው መልሱ አንድ ነው።

«ሴቻ የትም አይሄድም።»

ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ንግግሩ ጥቂት ሰው ነበር። ድምፁ ከአፉ ሳይሆን ከተቀመጠበት ወንበር ሥር የሚወጣ ነው የሚመስልህ። ደግሞ ሲያዳምጥ ጆሮውን አያዞርልህም፤ አጠገቡ ባገኘው ነገር ላይ መዳፉን ይዘረጋል፤ ባንኮኒ ይሁን፣ በር ይሁን፣ ኮፈን ይሁን። ሐኪም የታመመ ልጅ ግንባር እንደሚነካው ዓይነት። ስታወራው እጁን ጠረጴዛው ላይ ካላየህ፣ እየሰማህ አይደለም ማለት ነው፤ ዝም ብትል ይሻልሃል።

ከፊት ሁለቱ ወንበሮች መሐል በገመድ የታሰረች ትንሽ የሸክላ ማሰሮ ነበረችው። ውሃ አይጎድልባትም። የሲቀላን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተሳፋሪው ገና ከመቀመጡ ጋሽ አንጁሎ ወደ ኋላ ሳይዞር «ውሃ አለ» ይላል። የከተማው ሰው ተቀብሎ ይጠጣል። ከላይ ከጨንቻ በኩል የወረደ ሰው ግን ከንፈሩ ደርቆ እያየኸው «አልጠማኝም» ይላል። ጋሽ አንጁሎም አይለምንም። በሚቀጥለው ጉዞ ለሚቀጥለው ሰው ያንኑ «ውሃ አለ» ይላል።

ምክንያቱን እትዬ አስካለ ናት የነገረችኝ። ማሰሮዋን የሠራችው ሚስቱ አልማዝ ነበረች። አልማዝ ከሸክላ ሠሪ ቤት ነው የወጣችው፤ እሱ ደግሞ መሬት ካለው፣ በመንደሩ ከተከበረ ቤት። ያን ጊዜ እነዚህ ሁለቱ አይጋቡም። የሠራችውን ድስት ገዝተው ወጥ የሚሠሩበት ሰዎች ከእጇ ውሃ አይቀበሉም። አንጁሎ ግን አገባት፤ ዘመዶቹ በራቸውን ዘጉበት፤ እሱም ይዟት ወደ ቆላ ወረደ። እዚህ ጥቂት ዓመት አብረው ኖሩ። ከዚያ ወባ ወሰዳት። ልጅ አልነበራቸውም። የቀሩት እሱ፣ ፔጆዋና ማሰሮዋ ናቸው።

ሌላም ሰው ነበር፤ ከሱቄ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ። አቶ ሻንካ ይባላሉ፤ ጋቢ ሻጭ ሽማግሌ ናቸው፤ የአንጁሎ መንደር ሰው። ሁለቱም ደንበኞቼ ነበሩ። ሁለቱም እትዬ አስካለ ዘንድ ሻይ ይጠጣሉ፤ አንዱ ሲመጣ ሌላው ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሰላም ሲባባሉ አይቼ አላውቅም። ፔጆዋ ስታልፍ አቶ ሻንካ ጎንበስ ብለው ጋቢ ማጠፍ ይጀምራሉ፤ አስቀድሞ የታጠፈውን ጋቢ።

ቤዝ የምንለው፣ ያ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው ትልቁ ስፒከር፣ እኛ አገር ገና መግባቱ ነበር። የሚኒባስ ሹፌሮች አበዱለት። ሰው ቤዝ የሚገዛው ለራሱ ጆሮ እንዳይመስላችሁ፤ ለሰው ጆሮ ነው። አንዱ ይመጣና «የእገሌን የሚያስንቅ ስጠኝ» ይላል። ሌላው በሁለት እጁ አንሥቶ እንደ በግ ይመዝነዋል። ጣቱን ስፒከሩ ላይ ጠንቁሎ ጥንካሬውን የሚፈትንም አለ፤ ስፒከር ከሚበላሽባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። የሁሉም የመጨረሻ ጥያቄ «ከዚህ የሚበልጥ የለህም?» ነው። አለኝ እላለሁ። የለኝም የሚል ነጋዴ እስካሁን አላጋጠመኝም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጋሽ አንጁሎ ገባ፤ ከደረት ኪሱ በፌስታል የተጠቀለለች ካሴት አወጣ።

«ይችን በየቤዙ አሰማኝ» አለ።

ከትንሹ ጀመርኩ። የወንዶች ዜማ ነው፤ ብዙ ሰው፣ ነፋስ የሚነፍስበት ሜዳ ላይ። ጋሽ አንጁሎ መዳፉን ባንኮኒዬ ላይ ዘርግቶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከዚህ በታች የለም?»

ባለ አስር ኢንቹን አሰማሁት።

«ከዚህ በታች የለም?»

ጥያቄው አዲስ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚጠይቀኝ፤ ይጨመር፣ ይጩኽ፣ ይበልጥ ነው። ይሄ ሰውዬ ወደ ታች ይጠይቃል። ባለ አስራ ሁለቱን እያያያዝኩ፣ «ማነው ዘፋኙ?» አልኩት ለጨዋታ ያህል።

«ዘፈን አይደለም» አለ። «እናቴ ተለቅሶላት ነው።»

እትዬ አስካለ ብርጭቆ ልትወስድ ገብታ ነበር፤ ባለችበት ቀረች።

እንደነገረኝ፣ እናቱ ሞታ የሰማው ከተቀበረች በኋላ ነው። ማንም መርዶ አልላከለትም። እህቱ ግን ለቅሶውን በትንሽ ቴፕ አስቀድታ፣ ካሴቷን በጨንቻ መኪና ሹፌር እጅ ሰደደችለት፤ ቃል አልጨመረችም። እነሱ አገር ሰው ሲሞት ወንዶቹ አብረው ያዜማሉ፤ አንዱ የሚለውን ሌላው አይደግምም። አንዱ ከላይ ይይዛል፣ ሌሎች መሐል ይገባሉ፣ ከሥር ሆኖ ሁሉንም የሚሸከም ደግሞ አለ። ሁሉም በየቦታው ሲሆን ነው ለቅሶው ሙሉ የሚባለው።

«የታችኛው ድምፅ አይሰማም» አለኝ ጋሽ አንጁሎ። «የላይኞቹ አሉ፣ የመሐሎቹ አሉ። የታችኛው የለም። ወይ ይቺ ደካማ ቴፕ ውጣዋለች፤ ወይ ደግሞ በእኔ ቂም ይዘው እናቴን በጎደሎ ለቅሶ ቀብረዋታል። የቱ እንደሆነ ማወቅ አለብኝ።»

እንግዲህ እኔ ነጋዴ ብሆንም ሰው ነኝ።

«ጋሽ አንጁሎ፣ ካሴቱ ላይ የሌለውን ነገር ስፒከር አይወልደውም» አልኩት።

«ሰው ላይ የነበረ ድምፅ ካሴት ላይ እንዴት ይጠፋል?»

ባለ አስራ ሁለቱን ሸጥኩለት።

መግጠሙ ነበር ጉዱ። 404 ስትሠራ ቤዝ የሚባል ነገር በማንም ሐሳብ ውስጥ አልነበረም። ሳጥኑን እሱ ራሱ ቆርጦ ገጠመው፤ ከወፍራም ጣውላ፣ በማስቲሽ አጣብቆ፣ በብሎን አጥብቆ። ሹፌሮቹ ሁሉ ሳጥናቸውን ፊቱ ላይ ያስበሱታል፤ ቀዳዳው ድምፁን ያስጮኸዋልና። ጩኸቱ ግን አንድ ዓይነት ነው፤ ዘፈኑ ሲለወጥም ያው ነው። «ለሰው ድምፅ ድፍን ይሻልሃል» አልኩት፤ «ጩኸቱ ያንሳል፣ የተሰጠውን ግን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይመልሳል።»

«እኔም የምፈልገው እሱን ነው።»

ድፍን ሳጥን ውስጡ ጥጥ ሲጎዘጎዝበት ድምፁ ይሰፋል፤ ትልቅ ሳጥን ውስጥ ያለ ያህል ይሆናል። ጥጥ ፍለጋ መንገዱን ተሻገርኩ። ሌላ ማን ጋ እሄዳለሁ?

«ለምንህ ነው?» አሉኝ አቶ ሻንካ።

«ለስፒከር ሳጥን።»

«የማን ሳጥን?»

«የደንበኛ።»

አቶ ሻንካ ሱቄ በር ላይ የቆመችውን ፔጆ አላዩም። በጣም በጥንቃቄ ነው ያላዩዋት። ከዚያ ከጠየቅኳቸው በላይ፣ በእጅ ተፈልቅቆ የጸዳ ጥጥ በከረጢት ሞልተው ሰጡኝ። ዋጋውን ስጠይቃቸው አንድ ጋቢ አንሥተው ማጠፍ ጀመሩ።

ሽቦውን ከባትሪው አንሥቼ፣ ፊውዝ አስገብቼበት፣ በግራ በኩል ከምንጣፉ ሥር ወደ ኋላ ዘረጋሁት። የቴፑን ሽቦ ደግሞ በቀኝ በኩል አወረድኩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ከሄዱ ቤዙ ከዘፈኑ ጋር የሞተሩንም እንጉርጉሮ ያሰማል። ማሳውን፣ ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያዘውን ሽቦ፣ ለማሰር ቀለም ፍቄ ንጹሕ ላሜራ መፈለግ ነበረብኝ፤ 404 ላይ ዝገት ያልበላው ላሜራ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ስንከፍተው ደግሞ መኪናዋ እንዳለ ተንጫጫች፤ ታርጋዋ፣ መስተዋቷ፣ የበሮቿ ሆድ። ጋሽ አንጁሎ መዳፉን እያስቀመጠ የሚንጫጫውን ፈልጎ እያገኘ፣ በብስክሌት የውስጥ ጎማ ቁራጭ እየወተፈ ዝም አሰኛት። አንዱን ግን አልቻልንም። ቤዙ በመታ ቁጥር የፊት መብራቷ ዓይኗን ትጨፍናለች።

«ዲናሞው ደካማ ነው» አልኩት።

«እኔም እንደሱ ነኝ» አለ። «አትቀልድባት።»

ለሙከራ እሑድ ዕለት ሴቻ አፋፉ ላይ ወጣን። ከበታች ሁለቱ ሐይቆች ተኝተዋል፤ ከማዶ ሰማዩ ጨለምለም ብሏል። መስኮቶቹን ዘጋን፤ ሙቀቱ እንደ እንፋሎት ነው። ካሴቷን አስገባ። ሰዎቹ ያዜማሉ። የላይኛው ይወጣል፣ መሐሎቹ ይገባሉ። ጋሽ አንጁሎ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ እንደዘረጋ ነው። እኔም የምጠብቀውን ሳላውቅ መጠበቅ ጀመርኩ።

በድንገት መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። ከወንበሬ ሥር የሆነ ነገር ተነሥቶ በጀርባዬ አልፎ ሄደ። ወደ ሰማይ ቀና አልኩ፤ ሰማዩ ዝም ብሏል። ካሴቷ ላይ ነው። በለቅሶው ቀን ጨንቻ ላይ ነጎድጓድ ነበረ፤ ያቺ ደካማ የተባለች ቴፕ ያን ሁሉ ነጎድጓድ ይዛዋለች፤ ቤዙም ሳይጨምር ሳይቀንስ መለሰው። ነጎድጓዱ ሲያልፍ የሰዎቹ ዜማ ተመለሰ። ሥሩ ባዶ ነው።

ጋሽ አንጁሎ እጁን ከዳሽቦርዱ ላይ አነሣ። ቴፑን አላጠፋም። ካሴቷ እስክታልቅ ተቀመጥን።

«ነጎድጓዱ አለ» አለ በመጨረሻ። «ሰዎቹ ናቸው የሌሉት።»

ቴፑ ነው ብዬ ላጽናናው የምችልበት መንገድ ተዘጋ። የዘጋሁትም እኔ ነኝ፤ ደህና አድርጌ ገጥሜዋለሁና።

ከዚያ በኋላ ሰውዬው ተለወጠ። ተሳፋሪ ጭኖ ይሄዳል፤ ሴቻ ደርሶ በር መክፈት ይረሳል፤ ከኋላ የተቀመጡት መስታወት እስኪደበድቡ ድረስ መሪውን ይዞ ወደ ፊት ያያል። «ውሃ አለ» ማለቱንም ተወው። አንድ ቀን ሱቄ ገብቶ፣

«ባለ አስራ አምስት የሚባል አለ አሉኝ» አለ። «አምጣልኝ።»

«ጋሽ አንጁሎ፣ ባለ አስራ አምስቱ እዚያች መኪና ውስጥ ከገባ አንተ ነህ የምትወጣው።»

«አምጣልኝ አልኩህ።»

«አላመጣም።»

እትዬ አስካለ ከበሯ ሰማችና፣ «ተመስገን! ዛሬ ነጋዴ እምቢ ሲል ሰማሁ» አለች። እሱ ግን አልሳቀም። መዳፉን ባንኮኒዬ ላይ እንኳ ሳያሳርፍ ወጣ። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

መንገዱን ተሻግሬ አቶ ሻንካ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የአንጁሎ እናት ለቅሶ ላይ ነበሩ?»

«ነበርኩ።»

«የታችኛውን ድምፅ ያልያዛችሁላት ለምንድን ነው?»

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቆላ ያደገ ነጋዴ ይህን ከየት አመጣው ብለው ይሆናል። ከዚያ፣

«ማነው የጠየቀው?» አሉ።

«እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሊያብድ ነው።»

አቶ ሻንካ ተነሡ። ጋቢዎቻቸውን ሜዳ ላይ ጥለው ተነሡ፤ በዚያ ገበያ ይህን ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። መኪናዋ መንገዱ ዳር ካለው ዛፍ ሥር ቆማለች፤ ጋሽ አንጁሎ ውስጥ ነው። የፊት በሩን ከፍተው አጠገቡ ተቀመጡ። እኔ ከኋላ ገባሁ፤ ከውስጥ እንደማይከፈት ያስታወስኩት ከዘጋሁት በኋላ ነው። ብፈልግም መውጣት አልችልም።

«ቴፑን ክፈተው» አሉት።

ከፈተው። አቶ ሻንካ ራሳቸውን አቀርቅረው ሰሙ። ነጎድጓዱ ሲመጣ «አዎ፣ ያን ቀን ዝናብ ነበር» አሉ። ወደ ኋላ ዞረውም፣ «ጥጤን እዚህ ውስጥ ነው የከተትከው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሳጥንህ ደህና ነው። ምንም አልሸሸገብህም። የታችኛውን ማንም አልያዘውም።»

«ለምን?» አለ ጋሽ አንጁሎ። ድምፁ መኪናዋን ሞላት። «የእኔን ጥፋት በእናቴ ላይ? እሷ ምን አጠፋች?»

«ቆይ እንጂ! ስማኝ። የታችኛው የማን ነው?»

ጋሽ አንጁሎ መዳፉን ዳሽቦርዱ ላይ ዘረጋ።

«የታችኛው የአባትህ ነበር። አባትህ ሲሞት የያዝከው አንተ ነህ። አንተን ቆርጠን ጥለንህ ቢሆን ኖሮ ሌላ ሰው እናስገባበት ነበር። እኔስ የታችኛውን መያዝ ያቅተኝ ነበር? ሽማግሌዎቹ ማን ይግባ ሲሉ እህትህ ተነሥታ ‹ሰውዬው በሕይወት አለ፤ ቦታው ይቆይ› አለች። አንድም ሰው አልተከራከራትም። ስለዚህ ቦታህን ይዘን ነው ያለቀስነው።»

«ለምን ማንም አልነገረኝም?»

«አንተስ መች ጠየቅከኝ? በአንድ መንገድ ላይ ፊት ለፊት እየተያየን ስንት ዓመታችን ነው?»

ጋሽ አንጁሎ ግንባሩን መሪው ላይ አሳረፈ። ትከሻው ብቻ ነበር የሚታየኝ። አቶ ሻንካ ማንም ሳይጋብዛቸው እጃቸውን ወደ ማሰሮዋ ዘረጉ፤ በጣሳዋ ቀዱ፤ ጠጡ። ጣሳዋን መልሰው፣ አፋቸውን ጠርገው፣ «ክፈቱልን እንጂ፣ ታፈንን» አሉ። ለነገሩ የእሳቸው በር ይከፈታል። የታፈንኩት እኔ ነኝ።

በማግሥቱ ጋሽ አንጁሎ የቤዙን ፊውዝ ነቅሎ አምጥቶ ባንኮኒዬ ላይ አኖረው።

«አስቀምጥልኝ» አለኝ።

ከሁለት ቀን በኋላ ዓሣ ልገዛ በሐይቁ መንገድ ስወርድ ፔጆዋ ዳር ይዛ ቆማ አየኋት፤ በዚያ ሙቀት መስኮቶቿ ሁሉ ተዘግተዋል። ስጠጋ ያ ዜማ ይሰማል። የላይኛው አለ፣ መሐሎቹ አሉ፤ የታችኛውም አለ፤ ከሥር ሆኖ ሁሉንም ተሸክሟቸዋል። ቆምኩ። ፊውዙ እኔ ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው፤ ቤዙ ያለሱ አይሠራም። ወደ መስኮቱ አልተጠጋሁም፤ ዓሣውንም ትቼ ተመለስኩ።

በዚያው ሰሞን ወደ ላይ፣ ወደ መንደሩ ወጣ። 404 ያን ዳገት እንዴት እንደወጣችው እሷና እሱ ናቸው የሚያውቁት። እዚያ ሲደርስ ለቅሶው እንደገና ተነሣ፤ ቦታው ቆሞም አዜመ፤ ይህን የነገሩኝ አቶ ሻንካ ናቸው። እሱ በማግሥቱ ተመለሰ። እንዴት ነበር ስለው፣

«ብርድ ነው» አለኝ።

ብዙ ቆይቶ ነው የቀረውን የተናገረው፤ ያም ቢሆን እየነዳ፣ ፊቱን ሳያዞር። ሽማግሌዎቹ ኑር ብለውታል፤ የአባቱን ቤት እንሰጥሃለን ብለውታል። እሱም፣ «አልማዝ ቆላ ተቀብራለች። ስሟን በዚህ ቤት እንድጠራ ትፈቅዳላችሁ?» አላቸው። ሁሉም መሬት መሬት አዩ።

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ወረድኩ። እዚያ ቦታዬን የሚይዝልኝ ሰው አለ። እዚህ የእሷን ከእኔ ሌላ ማን ይይዛል?»

እንዲህ ሆኖ ኖረ። «ውሃ አለ» ማለቱንም እንደገና ጀመረ። አቶ ሻንካ አልፎ አልፎ ከገበያ ወደ ሴቻ ጉዳይ ሳይኖራቸው ይሳፈሩ ነበር፤ ደርሰው ይመለሳሉ። ሁለቱ ሲያወሩ ግን አይቼ አላውቅም።

ጎረምሳው ሰዓቱን ደጋግሞ አየብኝ። ብሎኖቹን ፈታሁ። ሳጥኑ የጋሽ አንጁሎ ሥራ ስለነበር በቀላሉ አልወጣም። ጎኑ ሲከፈት ጥጡ ወጣ፤ ያኔ እንደገባ ነጭ ነው።

«ይሠራል?» አለኝ ጎረምሳው ስፒከሩን እያየ።

«ይሠራል።»

«ታዲያ ስፒከሩን ግዛኝ።»

ገዛሁት። መልሼ ግን አልሸጥኩትም፤ ደንበኛ ሲጠይቀኝ የለኝም እላለሁ።

«መሐል ላይ ታስራ የነበረችው ማሰሮስ?» አልኩት።

«እሷንማ እኚያ ጋቢ ሻጭ ሽማግሌ ገና መኪናዋን ሳልረከብ ፈትተው ወሰዷት።»

ጥጡን በከረጢት ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ማሰሮዋ ከጋቢዎቹ አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ ተቀምጣለች። ነፍስ ይማር አልኳቸው፤ ነፍስ ይማር አሉኝ። ከላይ ሰዎች ወርደው ነበር ወይ አልኳቸው። ጥቂት ሰዎች ወርደዋል። አዚመዋል። ከአልማዝ አጠገብ ነው የቀበሩት። ከዚያ ያ ሰውዬ በሕይወት ቢኖር የሚጠይቀውን ጠየቅኳቸው።

«የታችኛውን ማን ያዘው?»

አቶ ሻንካ ከረጢቱን ተቀብለው ጥጡን በጣታቸው ፈለቀቁት። የሚያጥፉት ጋቢ አልፈለጉም።

«ማን ይይዘዋል?» አሉ።

ልጅ የለው፣ ወንድም የለው። ገበያው ይንጫጫል፤ በሚኒባሶቹ ቤዝ የምድር ሆድ ይደልቃል፤ አብዛኛውን የሸጥኩት እኔ ነኝ። ሁለታችንም ያን ሁሉ አልፈን የሌለውን ድምፅ ስንሰማ ቆየን። ከዚያ አቶ ሻንካ ወደ ማሰሮዋ ጎንበስ ብለው ጣሳዋን አነሡ።

«ውሃ አለ» አሉኝ።

ጠምቶኝ አልነበረም። ተቀብዬ ጠጣሁ።